ጨንቻ አየር ልለውጥ ብዬ

በእኛ አገር ሐኪም ለመሆን ትምህርት አያስፈልግም፤ አጠገባችሁ «አሞኛል» የሚል አንድ ሰው ማግኘት ይበቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው። በሽታውን የገለጠ ሰው ግን ስንት ዓይነት መድኃኒት እንደሚጎርፍለት ተረቱ አይናገርም። እኔ አርባ ምንጭ ውስጥ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የምትል ቃል አንድ ጊዜ ብታመልጠኝ፣ አንዱ የሽፈራው ቅጠል ቀቅለህ ጠጣ አለኝ፤ ሌላው ነጭ ሽንኩርት በማር አዘዘልኝ፤ አንዷ ጎረቤት ደግሞ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነው፣ ሽጠው ብላ ገዢ ይዛልኝ መጣች።

በሽታዬ ምን ነበር? ጡረታ ነው። ደብረ ታቦር ተወልጄ በወጣትነቴ የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ አርባ ምንጭ ተመደብኩ፤ ዓባያንና ጫሞን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል ጸጉሬ ሸበተ። በመጨረሻው ቀን ጋቢ አልብሰው፣ አጨብጭበው ሸኙኝ። በማግስቱ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ደወል ሲቀላ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ ሲሰማ፣ ኮቴን ለብሼ በር ላይ ቆሜ ነበር። ባለቤቴ አስቴር ኮቱን አወለቀችልኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ሄደ፤ እህል አፌ ውስጥ ገለባ ሆነ። በባጃጅ የሚያልፉ ወጣቶች «ቲቸር!» ብለው ሲጮሁልኝ ሰላምታው ለሌላ ሰው ይመስለኛል። ሳልሸፋፍን ልናገር፦ ብጠፋ የሚያስተውል ያለ አይመስለኝም ነበር። ይህችን ግን ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለአስቴርም ጭምር።

የጓሮ ክፍላችንን የተከራየው ታምራት የሚባል ወጣት፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ የማይመለከተውን ሁሉ ሲያነብ የሚውል ልጅ ነው። አንድ ቀን ከኮምፒውተሩ ላይ በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የአንድ ፈረንጅ ሐኪም ምክር እየተረጎመ አነበበልኝ። እንደ ሐኪሙ ከሆነ ለልብ ትካዜ ጉዞን የሚያህል መድኃኒት የለም። ቆላ ያለ ወደ ደጋ ይውጣ፤ በቅሎ ላይ ቢቀመጥ ይመረጣል፣ መናወጡ ደሙን ያንቀሳቅሰዋልና፤ ከሁሉም በላይ ወዳጆቹን ከኋላው ጥሎ ይሂድ፣ ወዳጅ የቤትን ጭንቀት አንጠልጥሎ ይመጣልና። ሰውየው ዕድር ከሌለበት አገር መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ቢሆንም ሽፈራውንም ማሩንም ሞክሬያለሁ፤ ፈረንጁ ምን በደለ?

በእኛ ሰፈር ደግሞ ለዕድሩ ዳኛ ሳይነግሩ ሰንበትበት ብሎ መጥፋት ነውር ነው። ዳኛችን አቶ ኦይታ ናቸው፤ ሳቃቸው ከሦስተኛ ቤት የሚሰማ የጋሞ ሰው። ለጤናዬ ስል ጨንቻ ወጥቼ አየር ልለውጥ ነው አልኳቸው። አልሳቁም። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይን ዓይኔን አዩኝና አይዞህ ወንድሜ አሉኝ። ነገሩ ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ለካስ በሰፈራችን ሕግ የሚድን በሽተኛ አዲስ አበባ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ተስፋ ያለው ጠበል ይሄዳል። ሻንጣ ይዞ ተራራ ላይ ዝም ብሎ ለመቀመጥ የሚሄድ ሰው ግን ሐኪሞች «በቃ፣ ደስ የሚለው ቦታ ውሰዱት» ያሉት መሆን አለበት።

የጨንቻን ዳገት ከአስቴር ጋር በሚኒባስ ወጣነው። መናወጥ ነው ያለው ያ ሐኪም? ያን መንገድ ቢያውቀው ኖሮ በቅሎዋን ባላነሳብን። የድሮ ተማሪዬ ማርቆስ፣ እዚያው መምህር ነው፣ ከግቢው አንዲት ክፍል ለቀቀልን። ቡልኮ አለበሰን፤ ቆጮ በዳጣ አቀረበልን፤ ከጓሮው ፖም እየለቀመ አመጣልን። አስቴር ጥጥ እየፈተለች፣ እኔ ጉሙን እያየሁ ተቀመጥን። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። የሚጠይቀኝ የለም፤ የሚያዝልኝ የለም። ሐኪሙ ያዘዘው ጸጥታ እንዳለ ተሰጠኝ፤ ከአልጋ ሲሉት ከአመድ ሆነ እንጂ። ከታች እያለሁ ብጠፋ ማንም አያስተውልም ብዬ እጠረጥር ነበር፤ እዚህ ግን ጠፍቼም አየሁት፣ ማንም አልመጣም። ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍነው እንባዬ መጣ። አስቴር እንዳታይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ስልካችን አልሠራ ሲል ታች ሲቀላ ውስጥ ምን እንደተባለ የሰማሁት ኋላ ነው። እኔ ያየሁት እሑድ ረፋድ ላይ አንድ ሚኒባስ ማርቆስ በር ላይ ሲቆም ነው። መጀመሪያ የወረዱት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያገለደሙ ሴቶች ናቸው። ያቺ ቴሌቪዥኔን ልታስሸጠኝ የነበረች ጎረቤቴ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ወንድሜን!» ብላ ልትጀምር አፏን ከፈተች። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ፖም እገምጣለሁ። አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

ከኋላዋ አቶ ኦይታ ወረዱ፤ ከእሳቸውም ኋላ ግማሹ ዕድር። ሙዝ በማዳበሪያ፣ ዳቦ በዘንቢል ይዘዋል። እኔ ግን ዓይኔ ከሚኒባሱ ጣራ ላይ አልነቀል አለ። እዚያ ላይ የታሰረውን አረንጓዴ ሸራ ከነመጣፊያው አውቀዋለሁ፤ የስንቱን ለቅሶ ተቀምጬበታለሁ። የዕድራችን ድንኳን ነው። ከነምሰሶው።

አቶ ኦይታ አቀርቅረው ዝናብ ቢመጣ ብለን ነው አሉ። እግዜር ደግሞ ለጨዋ ሰው ያዝናልና፣ ጉሙ ወዲያው ዝናብ ሆኖ ወረደ። ያን ሁሉ ሰው አንዲት ክፍል አትችለውም። ምን ይደረግ? ድንኳኑ ተተከለ። አንዱን ምሰሶ ያቆምኩት እኔው ነኝ።

የጋሞ ደጋ ሰው ድንኳን አይቶ አያልፍም። በመንገድ የሚያልፉ ሁሉ እያጎነበሱ ይገቡ ጀመር። ከእነሱ አንዱ፣ ቡልኮ የለበሱ ሽማግሌ፣ አጠገቤ ተቀምጠው በረጅሙ ተነፈሱ። ሟቹ ማነው አሉኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አንድ መምህር ነው፣ ከአርባ ምንጭ፣ አልኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ። ምን ነካው ቢሉኝ፣ ሥራውን ሲተው ሰው የረሳው መሰለው፣ አልኩ። ይህን ስናገር ድምፄ ተሰበረ፤ ቀልድ መሆኑ እዚያ ላይ አበቃ። ፊት ለፊት የተቀመጠችው አስቴር ቀና ብላ አየችኝ።

በአማርኛቸው «አንተ» ለሁሉም ሰው ነው፤ ስድብ የለበትም። «አንተስ ምኑ ነህ?» አሉኝ።

አብረን ነው ያደግነው አልኳቸው።

ሽማግሌው ድንኳኑን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ ዳቦ የምትቆርሰውን ጎረቤቴን፣ ሙዝ የሚያድሉትን አቶ ኦይታን፣ እየተጋፋ የተቀመጠውን ሕዝብ። «ይህ ሁሉ ሰው ዳገት ወጥቶለት?» አሉ። «ታዲያ ያ ሰውዬ ሞኝ ነበር።» ትከሻዬን መታ መታ አድርገው እግዚአብሔር ያጽናህ አሉኝ። አሜን አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አጥብቄ አሜን ያልኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። አስቴር ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትንቀጠቀጣለች፤ ትስቅ ይሁን ታልቅስ አልለየሁም። ሁለቱንም ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ በዚያው ሚኒባስ ወረድን፤ ድንኳኑ ጣራ ላይ፣ ሟቹ ፊት ወንበር ላይ። ሟቹ ገና ቁልቁለቱ ሳያልቅ አንኮራፍቷል አሉ።

ቤት እንደደረስን ታምራት ከሐኪሙ ምክር የትኛው እንደሠራልኝ ጠየቀኝ። ወዳጆችህን ጥለህ ሂድ የሚለው ነው አልኩት፤ ፍቱን ነው፤ ብቻ ወዳጆቹ ድንኳን ይዘው መከተል አለባቸው።