የ«ትራፊ» ባል

ሰው ስሙ በመጽሔት ወጥቶ ሲያይ ደስ ይለዋል ይባላል። ይሆናል። እኔ ግን ስሜ ሳይወጣ ራሴ ወጥቻለሁ፤ ስለዚህ ስለ ደስታው አትጠይቁኝ። ስለ ፍርሃቱ ከሆነ ግን ቁጭ በሉ። ፍርሃት እንደ ቅማል ነው፤ የሌለበት ሰው የለም፣ በሰው ፊት የሚያከውም የለም።

የከተማችን ስም መካነ ሰላም ነው። ያን ጊዜ ከስሙ በቀር ሰላም ያለው ነገር አልነበረንም። ረሃቡ ካለፈ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ አብዮቱ ደግሞ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። አንድ አስተማሪ ከስብሰባ መሃል «ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ ከወጣ አራት ወር ሆኖታል። ጥያቄው እስካሁን አላለቀም።

ባለቤቴ፣ ስሟ ሙሉ ነው፣ አጭር ልቦለድ የጻፈችው በዚህ መሃል ነው። እሷ አስተማሪ ናት፤ እኔ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ጸሐፊ ነኝ። መጻፏን አላውቅም ነበር። አዲስ አበባ ለሚታተም መጽሔት በፖስታ ልካ፣ ታትሞ በደሴ አውቶቡስ ሲመጣ ነው ያወቅሁት። ርዕሱ «ትራፊ» ይላል። ሦስት ገጽ ናት። በረሃቡ ዘመን አንዲት ሴት የቀረቻትን የመጨረሻ እፍኝ በሶ ለውሳ ለባሏ ታቀርባለች። ልጃቸው በር ላይ ተቀምጣ ታያለች። ባል ይቀድማል፤ ሚስትና ልጅ ትራፊውን ይበላሉ፤ ደንቡ ይኸው ነው። ሴትዮዋ ትጠብቃለች። ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ለእናንተ ያልቃል። እኔ ሳህኑን አውቀዋለሁ። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ቀለሙ የተላጠ ነው።

በረሃቡ ዘመን ልጃችን ሰናይት ሦስት ዓመቷ ነበር። ደሞዝ ከቆመ ወራት አልፎ፣ ከከላላ የሚመጣው እህልም ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ባለቤቴ ሳህኑን ይዛ ቆመችና «ዛሬ እንኳ ልጅቷ ትቅደም?» አለችኝ። «ሥርዓት ነው» አልኳት፤ «ይተርፋታል።» እንደሚተርፍ አምኜ ነበር። የተራበ ሰው ግን እጁ ከልቡ ይቀድማል። ከሳምንት በኋላ ቀበርናት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ኩፍኝ ነው አለ። እኔም ካርዷ ላይ በገዛ እጄ «ኩፍኝ» ብዬ ጻፍኩ። ሙሉ ግን ኩፍኝ ነው ብላ አታውቅም። ምንም ብላ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ከእሷ የምሰማው ቃል «ምሳ ቀርቧል» ብቻ ነበር።

ወደ ሂሱ እንምጣ። በዚያ ዓመት ልጅ ያልቀበረ ቤት ጥቂት ነበርና ሦስት አባወራዎች በየተራ መጥተው «ሚስትህ ስሜን አጠፋች» አሉኝ። ሦስቱንም ይቅርታ ጠየቅኩ። ሌሎቹ ደግሞ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ብለው የጻፍኩት እኔ ነኝ አሉ። አንዱ ጎረቤቴማ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «በርታ! በሚስትህ ስም ማድረግህ ብልሃት ነው፤ ቢያስሩም እሷን ነው» አለኝ።

በሚቀጥለው እትም ደግሞ አንድ ሃያሲ ጻፈ። ባልየው ባላባቱ ነው፤ በሶው የጭሰኛው ላብ ነው፤ በር ላይ የተቀመጠችው ልጅ መጪው ትውልድ ናት፤ ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ልጅቷ አልተሳሳተም።

የፈሩት ይደርሳል። እሑድ ጠዋት ነዋሪው ሁሉ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስለ «ትራፊ» ይወያይ ተባለ። በቅርብ ከአጅባር ተዛውሮ የመጣው ካድሬ ሽጉጡን ፈትቶ መጽሔቱ ላይ አስቀመጠው፤ ንፋስ እንዳይገልጠው ይመስላል። እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ለመሸሽ አይደለም፤ ለአንድ ጥያቄ ሲጠሩኝ ሰው እንዳልረግጥ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የተነሱት ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ይማም ናቸው። «ወላሂ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ልጄ ናት ያነበበችልኝ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰውዬው ሲበላ ዓይኑ የት ነበር?»

«ሳህኑ ላይ ነዋ ሐጂ! በሶ ቀርቦለት ወዴት ይሂድልዎ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ትክክል ነበር።

ካድሬው አልሳቀም። «ዋናው ጥያቄ ይህ ባል በሕይወት አለ ወይ ነው። ካለ ሕዝብ ይወቀው፤ ሕዝብ ይፍረደው። ጓድ ሙሉ፣ ተነሺ። ሰውዬው ማነው?»

ሙሉ ተነሳች። ከሰናይት ወዲህ ያላወለቀችውን ጥቁር ነጠላ ሰብሰብ አደረገችና ወደ በሩ፣ ወደ እኔ አየች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ስሜን ብትጠራ ያቺው ቀን የመጨረሻዬ ናት። ብትጠራ ደግሞ አልዋሸችም።

«ሥርዓት ነው» አለች።

ቃሉ የኔ ነው። አባባሉም የኔው ነው።

ካድሬው ጠረጴዛውን መታ። «ሰማችሁ? ሥርዓቱ ነው! የወደቀው፣ የበሰበሰው ሥርዓት!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «የበሰበሰው ሥርዓት ይውደም!» ግራ እጅ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። እኔም አወጣሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ አጠገቤ ያለው ሰው እንዳይጠረጥረኝ ከሁሉም አብልጬ ጮህኩ፤ «ይውደም!» ሰው በራሱ ላይ ሲፎክር ድምፁ እንደዚያ እንደሚያምር አላውቅም ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ላመሰግናት አሰብኩ፤ ስላዳነችኝ ይሁን ስለተናገረችኝ ለይቼ ማወቅ አቃተኝ። ተውኩት።

ቤት ገብታ ምሳ አቀረበች። በዚያው ሳህን ነው። እኔ እጄን ታጥቤ ስቀመጥ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችና ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል በላች። ከዚያ ወደ እኔ ገፋችው።

«ና ሥርዓቱ» አለችኝ፤ «ትራፊ አለልህ።»

አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም። ያተረፈችልኝ ለአንዲት ትንሽ ልጅ በደንብ ይበቃ ነበር። በላሁት።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስሜ ሥርዓቱ ነው። በራዲዮ «ሥርዓቱ ወድቋል» በተባለ ቁጥር ሙሉ ቀና ብላ ታየኛለች፤ እኔም አንገቴን እደፋለሁ። ሳህኑ ሲቀርብም እጄን ታጥቤ ተራዬን እጠብቃለሁ።