የስፖንጅ ሸክም

አሮጌ ነገር ሲገጥመን እኛ የዘመኑ ልጆች ያለን ጠባይ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ እንጥለዋለን፣ ወይ እናድሰዋለን። የትኛው እንደሚብስ ለመፍረድ የአያታችሁን ሶፋ ማስታወስ ይበቃል። የተጣለው ሶፋ ቢያንስ በሰላም አርፏል። የታደሰው ግን አበባ ያለበት ጨርቅ ለብሶ፣ በላዩ ላይ ላስቲክ ተደርቦበት፣ እንግዳ በተቀመጠበት ቁጥር እየተንጫጫ ሳሎን መሃል ይኖራል። ሶፋ አፍ ስለሌለው አቤት አይልም። ተውኔት ግን አፍ አለው። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

እስቲ ስለ ተውኔት ላስረዳችሁ። ማስረዳት እወዳለሁ። ሰፈር ውስጥ «መምህር» ነው የሚሉኝ፤ ያስተማርኩት ተማሪም ሆነ የተማርኩበት ኮሌጅ ግን የለም። ያለችኝን እውቀት የሰበሰብኳት ከስልኬ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮችና ከታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። እና ሙዚቃዊ ተውኔት ማለት ሰዎች በንግግር የጀመሩትን ነገር፣ ስሜቱ ሲበዛባቸው በዘፈን የሚጨርሱበት ማለት ነው። ምንም አይገርምም፤ ለቅሷችንስ በወሬ ተጀምሮ ሙሾ ላይ አይደል የሚደርሰው? ይህን ማብራሪያ ለቲያትር ክበባችን ልጆች ሦስት ጊዜ ሰጥቻቸዋለሁ። አራተኛውን ሰላማዊት ከለከለችኝ።

ሰላማዊት የክበባችን ዘፋኝ ናት። ቢንያም ኪቦርድና ላፕቶፑን ይዟል። እኔ አዘጋጅ ነኝ፤ ማንም አልሾመኝም፣ ማንም ግን አልተቃወመም። የምንሰበሰበው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ ባለው የድሮ የቀበሌ አዳራሽ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ የሚያሳዝነው ትርኢት ሁሉ ያስቃል፤ ተዋናዩ አፉን ከፍቶ ሲያለቅስ ይታያል እንጂ አይሰማማ።

በዚያ አዳራሽ፣ በቀበሌ ኪነት ዘመን፣ «ሸክምና ሰርግ» የሚባል ሙዚቃዊ ተውኔት ይታይ ነበር። የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች ስለሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀየራል። ደራሲው ጋሽ መንገሻ ናቸው፤ አናጺ ነበሩ፣ ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል። ተውኔቱ የተጻፈበት ደብተር አንድ ብቻ ነው፤ ቅጂ የለውም፣ ድምፁም አልተቀዳም። እኛ ቤታቸው ሄደን ስንለምናቸው ከአልጋቸው ሥር የሚስማር ሳጥን ጎተቱ፣ ከሚስማሩ መሃል ደብተሩን አወጡ።

«አንድ ጊዜ አሳዩኝ» አሉን። «የእኔ ሥራ ሆኖ ካገኘሁት ደብተሩ የእናንተ ነው። ካልሆነ ይዤው እሄዳለሁ። ሲ.ኤም.ሲ ልጄ ጋ ልገባ ነው፤ እዚያ ሳጥኑ ውስጥ ይተኛል።»

«እናዘምነዋለን ጋሼ» አልኳቸው።

«ያለውን እንዳለ ሥሩት» አሉ። ከዚያ ሻይ ጋበዙን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ሙሽራ በሰርጓ ጠዋት ከእንጦጦ ስትወርድ እንጨት የከበዳቸው አሮጊት ታገኛለች። ቬሎዋን እንደለበሰች ሸክማቸውን ትወስዳለች። መንገድ ላይ ይደክማትና ለማረፍ ታወርደዋለች፤ ከዚያ በኋላ መልሳ ልታነሳው አትችልም። ሰርገኛው ታች ይጠብቃል። ሙሽራዪቱ ሸክሙ አጠገብ ተንበርክካ «አሸክሙኝ» እያለች ትዘፍናለች፤ ተውኔቱም እዚያ ላይ ያልቃል።

የሰፈሩ ሰው ካልሆናችሁ ይህችን ቃል ላስረዳ። ከእንጦጦ እንጨት ይዛ የምትወርድ ሴት አንዴ ሸክሟን ካወረደች ብቻዋን አታነሳውም። ስለዚህ ያለፈ ያገደመውን «አሸክሙኝ» ትላለች። ይህን ሰምቶ ማለፍ ነውር ነው። ክራቫት ያሰረ ሰው ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ ሲያሸክም አይቻለሁ። ዛሬ እላይ እንጦጦ መናፈሻ ውስጥ ለመሮጥ በመኪና የሚወጡ ሰዎች እንኳ፣ ሴቶቹን ሲያገኙ ጆሮ ማዳመጫቸውን ነቅለው ወርደው ያሸክማሉ። ሁሉም ባይሆኑ ጥቂቶቹ። ይህን ሁሉ ለክበባችን በደንብ አስረድቻለሁ። አስረድቼ ሳበቃ ግን እኔው አልገባኝም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ደብተሩን ስናነብ አንድ ጉድለት አገኘሁበት። ሙሽራዪቱ ሁለት ስንኝ ትዘፍናለች፤ ከሥሩ ሁለት ባዶ መስመር። ሌላ ሁለት ስንኝ፤ ሌላ ሁለት ባዶ መስመር። መጨረሻ ላይም «አሸክሙኝ» ካለች በኋላ እንዲሁ ባዶ ነው።

«ጋሽ መንገሻን እንጠይቃቸው» አለች ሰላማዊት።

«ምን ይጠየቃል?» አልኳት። «ቀለሙ ጠፍቶ ነው። ያረጀ ቀለም ከወረቀት ላይ ይተናል።» ይተን አይተን አላውቅም። ማስረዳት የሚወድ ሰው አንዲት ክፉ አመል አለችው፤ መጠየቅ አይወድም።

ባዶውን እኔ ሞላሁት። «ያለውን እንዳለ ሥሩት» ያሉት ያለውን ነው፤ ስለሌለው ምንም አላሉም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ራሱን ለማሳመን ብዙ አይደክምም። ሙሽራዪቱ ለምሳሌ እንዲህ ትላለች፦

*ከእንጦጦ ስወርድ ጀርባዬ ላይ ጫካ፤*
*ሰው ቤቱን ሲያሞቅ የኔው በርዷል ለካ።*

ከሥሩ እኔ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

*ኅሊናሽ ያበራል እንደ ንጋት ኮከብ፤*
*የሕልውናሽ ጥሪ በጊዜ ሲከበብ።*

ትርጉሙን አትጠይቁኝ። ያኔ ሳነበው እንባዬ መጥቶ ነበር። የእኔን ስንኞች የሚዘፍኑ ሦስት ተቀባዮች መረጥን፤ ቢንያም ደግሞ ዘፈኑን ሁሉ በላፕቶፕ ቢት ሠራለት፣ ሰከንዱ ተቆጥሮ፣ መግቢያና መውጫው ተለክቶ። አንድ ማሻሻያ ቀረኝ። ሰላማዊት እውነተኛ የእንጨት እስር ተሸክማ መዝፈን አልቻለችም፤ ትንፋሽ ያጥራታል። ስለዚህ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ጠቅልለን፣ ዙሪያውን ቀጫጭን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል አሰርንበት። ሲያዩት ሸክም ነው። ሲያነሱት ትራስ። «ቲያትር ማለት ማስመሰል ነው» ብዬ አስረዳሁ።

ትርኢቱ እሑድ ከሰዓት ነበር። እኛ ወጣቶች ይመጣሉ ብለን የጋበዝነው በስልክ ነው፤ ወሬው ግን በሌላ መንገድ ሄዶ ኖሮ፣ ከሰፈሩ የተነሱት የድሮ ጎረቤቶቻችን ከያሉበት ኮንዶሚኒየም ታክሲ እየቀያየሩ መጡ። አዳራሹ ሞላ። በር ላይ ሲተቃቀፉ፣ «አንቺ አልሞትሽም?» ሲባባሉ፣ ለመጀመር ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ጋሽ መንገሻ ፊት ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከኋላቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ እማማ ጫልቱ አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእንጦጦ እንጨት ሲያወርዱ የኖሩ፣ ወገባቸው አሁንም ሸክም ያለበት ይመስል ጎበጥ ያለ እናት ናቸው።

እኔ ከመጋረጃው ጎን ደብተሩን ይዤ ቆሜያለሁ። ሰላማዊት ገባች። «ከእንጦጦ ስወርድ ጀርባዬ ላይ ጫካ» ብላ ዘፈነች፣ «የኔው በርዷል ለካ» ብላ ጨረሰች። ሦስቱ ተቀባዮች የንጋት ኮከቤን ሊያወጡ አፋቸውን ከፈቱ።

አዳራሹ ቀደማቸው።

*ሂጂ ልጄ አትቁሚ፣ ቁልቁለት ባያልቅም፤*
*የተሸከመ ሰው ቆሞ አይቀለውም።*

ይህን ያለው አንድ ሰው አይደለም። ከግራ ጀምረው፣ ከቀኝ ተቀብለው፣ ማንም ሳያስጀምራቸው፣ ትናንት ተለማምደው ያደሩ ይመስል በአንድ ድምፅ ዘፈኑት። ተቀባዮቼ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ደብተሩን አየሁት፤ ሁለት ባዶ መስመር። አዳራሹን አየሁት፤ ሁለት ስንኝ። ቀለም አልተነነም ለካ። የእነሱ ቦታ ነበር።

ሰላማዊት ከእኔ ቀድሞ ገባት። ሁለተኛውን ስንኝ ዘፍና ወደ ሕዝቡ ጆሮዋን ዘንበል አደረገች። ያኔ ከኋላ በኩል ያሉ እናቶች በኦሮምኛ መለሱ፣ በዚያው ዜማ፤ ከፊት ያሉት ደግሞ በአማርኛ ደረቡበት፤ ሁለቱ ድምፅ አንዱ አንዱን ሳያደናቅፍ ቆርቆሮው ሥር ተሸራረበ። ስልካቸውን አንስተው ይቀርጹ የነበሩ እኩዮቼ ስልኩን አወረዱና የራሳቸውን መልስ መወርወር ጀመሩ፤ አንዱ ስለ ታክሲ ሰልፍ ስንኝ ወርውሮ አሮጊቶቹን አሳቃቸው። የቢንያም ቢት ብቻውን ወደፊት ሄዷል፤ ሕዝቡ ገና ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሆኖ እሱ ስድስተኛውን ያጫውታል። ቢንያም እኔን አየኝ። ላፕቶፑን ክድን አደረገና በእጁ መጫወት ጀመረ። ሲጫወት እንደዚያ ሲፈራም፣ እንደዚያ ሲያምርበትም አይቼው አላውቅም።

እኔማ ፈዝዣለሁ። ስለ ሙዚቃዊ ተውኔት ያነበብኩት ሁሉ ሰዎች መድረክ ላይ እንደሚዘፍኑ ነው። ወንበር ላይም እንደሚዘፈን የጻፈልኝ አልነበረም።

መጨረሻው ደረሰ። ሰላማዊት ሸክሙን አወረደች፣ ተንበረከከች፣ «አሸክሙኝ» አለች። ሕዝቡን ጠበቅሁ። ዝም። ሁለተኛ «አሸክሙኝ» አለች። ዝም። የዚህኛውን መልስ ረስተውት ይሆን ብዬ ለተቀባዮቹ የእኔን ስንኝ እንዲጀምሩ እጄን ላነሳ ስል፣ የወንበር ድምፅ ሰማሁ።

እማማ ጫልቱ ተነሥተው ወደ መድረክ እየመጡ ነው።

ያኔ ገባኝ። የመጨረሻው ባዶ መስመር ቃል አልነበረም። እጅ ነበር። እሳቸው ደግሞ ሊያነሱ የሚመጡት የእኔን ስፖንጅ ነው።

ደረጃውን በመከራ ወጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እግራቸውን ከፈት አድርገው ተከሉ፣ የለመዱትን ያህል ጉልበት አስገብተው ሸክሙን ብድግ አደረጉ። ሸክሙ ተወንጭፎ ከራሳቸው በላይ ወጣ። ሊወድቁ ነበር፤ ሰላማዊት ቀሚሳቸውን ያዘች። ቅርንጫፍ ተነቅሎ ቢጫ ስፖንጅ ብቅ አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ መንገሻ ብቻ አልሳቁም። ደብተሩ ወደ ሚስማር ሳጥኑ ሲመለስ ታየኝ።

እማማ ጫልቱ ስፖንጁን አዩ። ሰላማዊትን አዩ፤ ተንበርክካ፣ በቬሎዋ፣ ፊቷ ሊያለቅስ ሲል። ከዚያ ሸክሙን በዝግታ መሬት መለሱት። የወጣውን ስፖንጅ በቅጠሉ ሸፈኑት። ጎንበስ ብለው እንደገና ያዙት፤ ሞከሩ፣ አልነቃነቅ አላቸው። ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «ኑ እንጂ፣ ምን ትስቃላችሁ፤ ከበደኝ እኮ» አሉ።

ሳቁ ቆመ። ሁለት ሴቶች ወጡ፣ ሦስተኛዋ ተከተለች። አራት ሆነው፣ ስምንት እጅ፣ የፍራሽ ስፖንጅ ከመሬት አላቀቁ፤ የአንዷ አንገት ሥር ተገተረ፣ የሌላዋ ጉልበት ተንቀጠቀጠ፣ «በይ፣ ቀስ፣ አይዞሽ፣ ገመዱን ደረትሽ ላይ» እየተባባሉ ሰላማዊት ጀርባ ላይ አስቀመጡት። ሰላማዊት ስትነሳ ጎበጠች። ቲያትር ማለት ማስመሰል ነው ብዬ አስረድቼ የለ? እነዚህ ሴቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሸከሙትን በአንዲት ስፖንጅ ላይ ጫኑት። ከየት እንዳመጡት አውቃለሁ። እንዴት እንዳመጡት ግን እስከ ዛሬ ላስረዳችሁ አልችልም።

ሕዝቡ ሰርገኛ ሆኖ እየዘፈነ አስወጣት።

አዳራሹ ሲቀልል ጋሽ መንገሻ ጠሩኝ። «መምህር፣ ደብተሬን አምጣ።»

ሰጠኋቸው። ገለጡት። የንጋት ኮከቤን አነበቡ። መልሰው አነበቡት፤ ሰው አንዳንዴ የሐኪም ወረቀት እንዲህ ነው የሚያነበው።

«የማን ነው?»

«የእኔ ነው ጋሼ። የጎደለ መስሎኝ።»

«በምንድን ነው የጻፍከው?»

«በእርሳስ።»

«ተመስገን» አሉ፤ ትንፋሻቸው ረጅም ነበር።

«ቢጽፉት ኖሮ እኮ እኔም አልሳሳትም ነበር» አልኳቸው። አፌ አያርፍም።

«የትኛውን ልጻፈው?» አሉ። «ለመስቀል ሰሞን ሲታይ ሌላ ይመልሱ ነበር፣ ለፋሲካ ሌላ። ዛሬ ደግሞ ያ የታክሲው ልጅ። ነገሩ የእኔ አይደለማ፤ የሰው ነገር በእኔ እጅ ጽሑፍ ምን ይሠራል?» ደብተሩን ዘጉና ብብቴ ሥር ሸጎጡልኝ። «በል፣ ላጲስ ፈልግ።»

ላጲሱ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ በርትቶ ማሸት አይቻልም። ብርሃን ላይ ካላያችሁት በቀር የንጋት ኮከቤ አትታይም። ተውኔቱን አሁንም እናሳያለን፤ በእውነተኛ እንጨት። ሰላማዊት ትንፋሽ እንዳያጥራት ገመዱ የት መታሰር እንዳለበት የሚያሳዩአት እማማ ጫልቱ ናቸው። እኔ ልምምድ ላይ ከማስረዳቴ በፊት እጠይቃለሁ፤ አመል ነውና አልፎ አልፎ ያመልጠኛል።

የራሴን ሙዚቃዊ ተውኔትም ጀምሬያለሁ። ጥሩ እየሄደልኝ ነው። ለሕዝቡ የምተዋቸውን ባዶ መስመሮች በሙሉ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ የሚጻፈው ነው።