ስለ መቅረት የተደረገው ታላቅ ጥናት

ችግር ባዩ ቁጥር ዘለው የሚፈቱ ሰዎች ድሮም ነበሩ፤ ችኩሎች ናቸው። አስተዋይ ሰው ችግር ሲያይ በመጀመሪያ ቁጭ ይላል። ቀጥሎ መጠይቅ ያዘጋጃል። ችግሩም የተደረገለትን አክብሮት አይቶ፣ ተጠንቶ እስኪያልቅ ድረስ ካለበት ንቅንቅ አይልም። እኔ ይህን ጥበብ የተማርኩት ለአሥራ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤት ሆኜ ባገለገልኩበት ትምህርት ቤት ነውና፣ ውለታ በላ እንዳልባል ነገሩን እንደሆነው አቀርባለሁ።

ትምህርት ቤታችን አሥራ አንድ መምህራን ነበሩት። ከአሥራ አንዱ በሳምንት አንዱ፣ ቢበዛ ሁለቱ ይቀሩ ነበር። የሒሳብ መምህሩ አስም አለበት፤ የክፍሎቹ ወለል አፈር ስለሆነ ንፋስ በበዛበት ቀን አይመጣም። የሳይንስ መምህሯ ደግሞ ሕፃኗን የሚይዝላት ሰው ያጣች ዕለት ትቀራለች። በቀሩት ቦታ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ጠመኔ ይዘው ይገቡ ነበር። በዚህ ኋላ ቀር አሠራር ስንዳክር ሳለ አንድ ጠዋት ነጭ መኪና ግቢያችን ገባች።

ከመኪናዋ የወረደችው የጥናቱ አስተባባሪ ነበረች። ዶክተር ናት፤ ግን "አንቱታውን ተዉትና አንቺ በሉኝ" ያለች ትሑት ሰው። የጥናቱ ርእስ "በዝቅተኛ ገቢ አገሮች የመምህራን ከክፍል መቅረት፦ መንስኤው፣ መዘዙና ዘላቂ መፍትሔው" ይላል። ርዕሰ መምህሩ ጮክ ብለው ሲያነቡት መሃል ላይ ትንፋሽ አጠራቸው።

"ለመሆኑ ስንት መምህር ይቀራል?" ስትል ጠየቀቻቸው።

"ኧረ ብዙም አይደል! አንድ ሁለት ቢሆን ነው። እንዲያውም ወለሉ ሲሚንቶ ቢሆንልን፣ ሕፃኗን የምትይዝ አንዲት ሴት ቢገኝ..."

ዶክተሯ እጇን በትሕትና አነሳች። "ይቅርታ ርዕሰ መምህር፣ መፍትሔ አሁን አይነሳም። መፍትሔ ያለው ምዕራፍ አራት ላይ ነው።"

ርዕሰ መምህሩ አፈሩ። ከምዕራፍ አንድ በፊት ምዕራፍ አራትን መናገር ነውር መሆኑን ማን ነግሯቸው!

ጥናቱ የተከፈተው በማስጀመሪያ ዐውደ ጥናት ነው። አሥራ አንዱም መምህራን፣ ርዕሰ መምህሩና እኔ በአውቶቡስ ተጭነን ሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ወዳለው ከተማ፣ ወደ አንድ ሆቴል አዳራሽ ተወሰድን። በጥሪው ደብዳቤ ግርጌ "ከዐውደ ጥናቱ የሚቀር መምህር በዲሲፕሊን ይጠየቃል" ስለሚል ማንም አልቀረም። የሒሳብ መምህሩ እየሳለ፣ የሳይንስ መምህሯ ሕፃኗን አዝላ መጡ። በዚያው ዕለት መረጃ ሰብሳቢዎች ወደ ትምህርት ቤታችን ሄደው ድንገተኛ ቆጠራ አደረጉ።

ውጤቱ ለዶክተሯ በስልክ የደረሳት መድረክ ላይ ሳለች ነው። ፊቷ በሐዘን ጠቆረ፤ ዐይኗ ግን በራ።

"ወገኖቼ፣" አለች ድምፅ ማጉያውን ጠጋ ብላ፣ "ዛሬ በትምህርት ቤታችሁ አንድም መምህር አልተገኘም!"

አዳራሹ ተንጫጫ። የሒሳብ መምህሩ ራሱን እየነቀነቀ "ያሳፍራል!" አለ፤ ከልቡ ነው። የሳይንስ መምህሯ ብቻ እጇን አወጣች።

"ዶክተር፣ እኛ እኮ እዚህ ነን።"

"ችግሩስ እሱ አይደል?" አለች ዶክተሯ፣ በታላቅ ርኅራኄ።

መቶ በመቶ መቅረት በጥናት ታሪክ ተመዝግቦ አያውቅም ተባለ። እንዲህ ያለ ሥር የሰደደ ችግር በሦስት ወር እንደማይጠና ስለታመነበት ጊዜው ወደ ሙሉ የትምህርት ዘመን ተራዘመ። ሰኞ የቡድን ውይይት ሆነ። ማክሰኞ ሰኞ በተደረገው ውይይት ላይ ግምገማ። ረቡዕ የሥራ ተነሳሽነት ሥልጠና። ሐሙስና ዓርብ የልምድ ልውውጥ ጉዞ፣ አንድም መምህር ቀርቶበት ወደማያውቅ ትምህርት ቤት። እዚያ ስንደርስ መምህራኑ በሙሉ የሉም፤ ልምድ ሊለዋወጡ እኛ ጋ ሄደዋል።

በዚያ ላይ አሥራ አራት ገጽ ያለው የዕለት ቅጽ አለ። እያንዳንዱ መምህር በየክፍለ ጊዜው ያልገባበትን ምክንያት በዝርዝር መሙላት አለበት። አንድ ቀን የሒሳብ መምህሩ ቅጹን ይዞ ወደ ዶክተሯ ቀረበ።

"ዛሬ ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ያልገባሁት ይህን ቅጽ ስሞላ ነው። የት ላይ ልጻፈው?"

ዶክተሯ ምክንያቶቹን በጣቷ እየተከተለች አየች። "ሕመም፣ ሐዘን፣ የቤተሰብ ጉዳይ... ይሄ የለም።"

"ታዲያ ብንጨምረውስ?"

"ጸድቋል፤ ከጸደቀ በኋላ መጨመር አይቻልም። 'የተነሳሽነት ማነስ' በለው።"

"እኔ ተነሳሽነት አላነሰኝም እኮ።"

"አየህ፣ ራስህን አታውቀውም። ለዚህ ነው ጥናት የሚያስፈልገው።"

መምህሩ አመስግኖ ሄደ። ያን ቀን ራሱን ማወቅ ጀመረ።

ጥናቱ እንዲህ ሲያብብ አንዲት ሴት ሰላማችንን ልታደፈርስ መጣች። ገበያ ውስጥ ቲማቲም የምትሸጥ እናት ናት። ልጇ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ደግሞ ሦስት ወር ቀርቶታል። ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ፣ እኔም ባለሁበት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች።

"ጌታዬ፣ የሒሳብ አስተማሪው የት ነው?"

"ስብሰባ ላይ ነው፤ ለምን እንደቀረ እየተጠየቀ።"

"ለምን ነው የቀረው?"

"ሊጠየቅ ሄዶ።"

"እኔ ስምንተኛን ሳልፈተን ነው የቀረሁት። እናቴ ታማብኝ። ይቺ ልጅ ግን ምን በድላ ነው የምትቀረው?"

ርዕሰ መምህሩ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም። "እመቤቴ፣ የሚደረገው ሁሉ ለነገው ትውልድ ነው" አሉ።

"የዛሬውስ ትውልድ?"

ሴትዮዋ በሩን በኃይል ሳይሆን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች፤ እሱ ነው የከበደን።

አሁን ስለ ዘበኛችን መናገር ግድ ይለኛል። ጡረታ ሳይወጡ በፊት ሠላሳ ዓመት ከመሬት ቀያሾች ጋር ሜትር ሲጎትቱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጆቹ ጋሽ ሜትር ይሏቸዋል። አስተማሪ የሌላቸው ተማሪዎች በር በሩን እየዞሩ ሲንጫጩ መጀመሪያ "ዝም በሉ!" አሉ። ማን ሰምቷቸው። በመጨረሻ ተናደው፣ "ይሄ በር ስንት ሜትር ይሆናል? በዐይኑ መትሮ የሚነግረኝ አለ?" ብለው ጮኹ። ልጆቹ ዝም አሉ። አንዱ ሦስት አለ፣ አንዷ አምስት። ለኩት። ቀጥለው አጥሩን ለኩ፣ ግቢውን ለኩ፣ የባንዲራውን ዘንግ ሳይወጡበት በጥላው ለኩ። ሳምንት ሳይሞላ የስምንተኛ ክፍል አርባ አንድ ተማሪዎች በሩ ሥር ሰፈሩ።

ቲማቲም ሻጯ ይህን ሰምታ መጣች።

"ጋሼ፣ ልጄ የመደቤን ስፋት በቃሏ አስልታ ነገረችኝ። ማን አስተማረሽ ብላት ዘበኛው አለች። ክፍል ይግቡልን።"

"እኔ አስተማሪ አይደለሁም እናቴ፤ በር ጠባቂ ነኝ።"

"አስተማሪዎቹ የሉም። እርስዎ አሉ። ከዚህ ሌላ ምን መስፈርት አለው?"

ጋሽ ሜትር ቆባቸውን አውልቀው አሰቡ። ከዚያ በሩን በሰንሰለት ቆልፈው ክፍል ገቡ። ሒሳቡን ያውቁታል። የማያውቁትን ትምህርት ልጆቹ መጽሐፉን በየተራ እየተነሱ እንዲያነቡላቸው አደረጉ። "ገባችሁ?" ይላሉ። አልገባንም ሲሏቸው፣ "እኔም አልገባኝም፤ እንደገና ይነበብ።" እስኪገባቸው ይነበባል። እንዲህ ያለ ያልጸደቀ ዘዴ በሥነ ትምህርት መጻሕፍት የለም።

መረጃ ሰብሳቢው መጥቶ በመስኮት አየ። አርባ አንድ ተማሪ ጸጥ ብሎ ይማራል። ግራ ገባው።

"መምህር አለ?" ሲል ጠየቀ።

"የለም" አሉ ጋሽ ሜትር፤ ውሸት አይወዱም።

"እርስዎስ ማን ነዎት?"

"ዘበኛ።"

"የለም" የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ሄደ። በየሳምንቱ እየመጣ እንዲሁ ያደርጋል።

ይሁን እንጂ ሕግ ሕግ ነው። ጥናቱ ከሥራ ገበታ መቅረት በየደረጃው በጥብቅ እንዲታይ ያዛል፤ መምህራኑ ደግሞ የቀሩት በፈቃድ ነው። በትምህርት ቤታችን ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታው የታጣ ሠራተኛ ቢፈለግ አንድ ብቻ ተገኘ፦ ዘበኛው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ማስጠንቀቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። "በጥበቃ ቦታዎ ላይ በተደጋጋሚ ባለመገኘትዎ..." አንደኛውን ሰጠኋቸው፤ ሁለተኛውን ሰጠኋቸው። ሁለቱንም ጊዜ አንብበው፣ ፈርመው፣ ወደ ክፍል ተመለሱ። ልጆቹ በተፈተኑ ማግሥት ሦስተኛው ወጣ፤ ስንብት ነበር።

መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት።

"ልክ ነው" አሉ። "በሩ ላይ አልነበርኩም።"

"ይግባኝ ማለት ይችላሉ እኮ ጋሼ።"

"ያልተዋሸበት ሰው ምን ይግባኝ አለው?" ፈረሙና ቆባቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ። ቆባቸውን አንሥቼ ደጋግሜ ጠረግሁት። አቧራ መሆን አለበት።

የፈተናው ውጤት መጣ። ከአርባ አንዱ ሠላሳ ዘጠኙ አለፉ። በትምህርት ቤቱ ታሪክ ከሃያ በላይ አልፎ አያውቅም። የቲማቲም ሻጯ ልጅ በሒሳብ ከወረዳው አንደኛ ወጣች።

የመዝጊያው ዐውደ ጥናት በዚያው አዳራሽ ተደረገ። ዶክተሯ ግድግዳው ላይ ሁለት መስመሮች አሳየችን። ቀዩ የመምህራን መቅረት ነው፤ ወደ ላይ ወጥቷል። አረንጓዴው የተማሪዎች ውጤት ነው፤ አብሮት ወጥቷል።

"ሳይንስ የሚያሳየንን መቀበል አለብን" አለች፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። "መምህራን በቀሩ ቁጥር ተማሪዎች ያልፋሉ። ስለዚህ ዘላቂ መቅረትን ወደ አርባ ትምህርት ቤቶች እናሰፋለን!"

ጭብጨባው ሳያባራ የሳይንስ መምህሯ ተነሳች። "ዶክተር፣ ልጆቹን ያስተማራቸው እኮ ዘበኛው ነው!"

"ደስ የሚል ገጠመኝ ነው" አለች ዶክተሯ። "ግን ናሙና ውስጥ የለም።"

የሳይንስ መምህሯ ሕፃኗን አንሥታ አዳራሹን ጥላ ወጣች። ከዐውደ ጥናት ስትቀር የመጀመሪያዋ ነው።

መስከረም ጠባ፤ ደወል ተደወለ። መምህራኑ ለምዝገባ ሳምንት ተሰልፈው ቆሙ። ተማሪ ግን አልመጣም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ጠበቅን። ኋላ ስናጣራ፣ ቲማቲም ሻጯና ጓደኞቿ ከገበያው ጀርባ ያለ አሮጌ የሽንኩርት መጋዘን ጠርገው፣ ጋሽ ሜትርን አስገብተውበታል። የሳይንስ መምህሯም እዚያ ናት፤ ሕፃኑን እናቶቹ በየተራ ይይዙላታል።

ዶክተሯ ስትሰማ ምን ያህል እንደተደሰተች! "የተማሪዎች ከትምህርት ቤት መቅረት" የተባለ አዲስ ጥናት በሳምንቱ ተቀረጸ። ጋሽ ሜትርም በማስጀመሪያው ላይ እንዲገኙ ደብዳቤ ተጽፎ፣ አድራሹ እኔ ሆንኩ።

መጋዘኑ በር ላይ ስደርስ ትምህርት ላይ ናቸው። ደብዳቤውን ዘረጋሁላቸው።

"መቼ ነው?" አሉ ሳይቀበሉኝ።

"ሰኞ፣ ጠዋት።"

"ጠዋት ክፍል አለኝ።"

"ከሰዓት በኋላም ይቀጥላል።"

"ከሰዓትም ክፍል አለኝ።"

"ጋሼ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ቢቀሩስ? ስለ መቅረት ነው እኮ።"

"ወይ ግባ፣ ወይ ውጣ" አሉኝ። "ብርሃን ከለከልካቸው።"

ገባሁ። ከኋላ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ቲማቲም ሻጯ ደብተር ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ለካ ዘንድሮ ስምንተኛን ልትፈተን ነው።

"ይህ ክፍል ርዝመቱ ዘጠኝ፣ ወርዱ ስድስት ሜትር ነው" አሉ ጋሽ ሜትር። "ለአንድ ሰው አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ቢደርሰው ስንት ሰው ይይዛል? አንተ፣ አዲሱ ተማሪ።"

አሥራ ስምንት ዓመት ቁጥር ስመዘግብ የኖርኩት ሰውዬ በጣቶቼ መቁጠር ጀመርኩ።

"ሠላሳ ስድስት" አለች ቲማቲም ሻጯ።

"እኛ ስልሳ ሦስት ነን። እንግዲህ ምን ይደረግ? አዲሱ፣ ይቺን እንኳ መልስ።"

ተነሣሁ። "ጥናት ይደረግ" አልኩ።

መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ሕፃኑ እንኳ ሳቀ። ጋሽ ሜትር አልሳቁም፤ የኋላውን ግድግዳ እያዩ፣ "ቅዳሜ አፍርሰን እናሰፋዋለን፤ ስንት ሜትር እንደሚበቃን ሁላችሁም አስሉ" አሉና ጀርባቸውን ሰጡን።

ሁሉም አንገቱን ደፋ። እኔም ወረቀት ስላልነበረኝ፣ ደብዳቤውን ገልብጬ ጀርባው ላይ ማስላት ጀመርኩ።