ሜዳው ለፈረስ ወይስ ለኳስ?

ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሌላው ሲደክም ማየት የሚወድ ፍጡር ነው። አጫጆች ወገባቸው እስኪቆረጥ ሲያጭዱ ዳር ሆኖ «በርቱ!» ማለትን የመሰለ ምን ደስታ አለ? ሁለት ወይፈኖች ቀንድ ለቀንድ ሲገጥሙ ሥራውን ጥሎ የማይቆም ገበሬ፣ ጎረቤት ሲሰዳደብ ወጧን አሳርራ የማትወጣ ባልትና አዋቂ እኔ አላየሁም፤ እናንተ ካያችሁ ንገሩኝ። ስለዚህ ወጣቶች ተሰብስበው «ከስፖርት ሁሉ ብዙ ተመልካች ያለው የቱ ነው? የተከበረውስ?» እያሉ ሲከራከሩ፣ አንዱ ኳስ ሌላው ሩጫ ሲል፣ ጆሮዬን እዚያው ትቼላቸው ሹልክ ብዬ ወደ ፍኖተ ሰላም እሄዳለሁ። በሐሳብ ነው እንጂ ጉልበቴስ እዚያ የሚያደርስ አይደለም።

በስልሳዎቹ ዓመታት በእኛ አገር ጨዋታም እንደ ሰው ማዕረግ ነበረው። ከሁሉ በላይ ጉግስ ነው። አንዱ ባለፈረስ ሌላውን እያባረረ ዘንግ ይወረውራል፣ ተባራሪው ወደ ኋላው ዞሮ በጋሻ ይመክታል፣ ሴቱ እልል ይላል። ፈረስ ማሳደር ደግሞ የሁሉ ሰው አቅም ስላልሆነ ጉግስ እንደ ባላባት ከፍ ብሎ ይታያል። ቀጥሎ ገና አለ፤ በቆልማማ ዱላ ሩር እየመቱ፣ በመሐሉ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ የሚታለፍበት። ትግል የጎረምሳ ነው፤ መስክ ላይ ተጀምሮ መስክ ላይ ያልቃል፤ ተሸናፊው ለማንም አያወራም።

ኳስ ግን መጤ ነበረች። ከአስተማሪዎች ሻንጣ ወጥታ ነው የመጣችብን። ዘመድ የላት፣ ርስት የላት፣ ሱሪ እንኳ የላት። እናቴ በቁምጣ ስሮጥ ያየችኝ ዕለት ነጠላዋን ከላይዋ ገፍፋ፣ «ልጄን ምን አገኘብኝ!» እያለች ልታለብሰኝ ሜዳው ውስጥ ገባች። ያን ጊዜ ኳሷን ይዤ ጎሉ አፍ ላይ ነበርኩ። አላገባሁም።

የእነዚህን ሁሉ ተመልካች ጠራርጎ የሚወስድ ሌላ ጨዋታ መኖሩን ያወቅሁት ግን በአንድ የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። ጥር በእኛ አገር የሕልም ወር ነው። ጤፉ ተወቅቶ፣ ጎተራው ሞልቶ፣ ሰው ሁሉ ከሥራ ተፈትቶ የሚሄድበትን ሳያውቅ የሚሄድበት ወር። ከአውድማው የተነሣው ብናኝ እስከ ማታ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ፀሐይዋም በዚያ ውስጥ አልፋ ስትመጣ የምታቃጥል ሳይሆን የምትዳብስ ትሆናለች። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ያ ቀን የሚመጣልኝ በዚያ ብርሃን ተጠቅልሎ ስለሆነ፣ አንዳንዴ በእውኔ ይሁን በሕልሜ ያየሁት እጠራጠራለሁ።

የቡሬ ልጆች በጭነት መኪና ተጭነው ከእኛ ጋር ኳስ ሊገጥሙ መጥተዋል። ታቦቱ ከገባ በኋላ በጥምቀተ ባሕሩ ሜዳ እንድንጫወት ቀጠሮ ይዘናል። ባለፈረሶቹም ታቦቱ ከገባ በኋላ በዚያው ሜዳ ጉግስ ሊጫወቱ ቀጠሮ ይዘዋል። ሜዳው አንድ ነው። ማንም ማንንም አልጠየቀም።

የባለፈረሶቹ አለቃ ግራዝማች ውበቱ ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ገጠር የሚያርሱ፣ ሽበታም፣ ቀጥ ያሉ ሰው፤ ዳማ ፈረሳቸው ላይ ሲቀመጡ ከኮርቻው ጋር አብረው የተሰፉ ይመስላሉ። የዚያን ዓመት ግን አገር ሁሉ የሚያውቀው ኀዘን ነበረባቸው። ዳፍንት ይዟቸዋል። ቀን ቀን ደህና ያያሉ፤ ፀሐይ ስትገባ ግን ዓይናቸውም አብሮ ይገባል። እየዋለ እያደረም ቀኑ ራሱ ይደበዝዝባቸው ጀመር። «ለከርሞ ፈረሱንም አላየው ይሆናል» ይሉ ነበር። «ዘንድሮን አንድ ጊዜ፣ በብርሃን፣ ሰው ፊት ልጋልብና ልጓሙን ለልጄ እሰጣለሁ።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም፤ የሚሰማቸው ነው የሚንቀጠቀጠው።

እኛም ያንን እናውቃለን። ነገር ግን የቡሬ ልጆች ያን ሁሉ አቧራ ጠጥተው መጥተው እንዴት ሳይጫወቱ ይመለሱ? ጉርምስና ደግሞ የራሱን ጉዳይ ብቻ ያያል፤ እሱም ዳፍንት አለበት። ነገሩ ሲካረር «በሽማግሌ ይታይ» ተባለና የደብሩ መሪጌታ ኅሩይ ከሾላው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ለባለፈረሶቹ ግራዝማች ራሳቸው ቆሙ። ለእኛ የቆመው የቡሬ በረኛ አየነው ነው፤ ከቅኔ ቤት ወጥቶ አስኳላ የገባ፣ ከእጁ ኳስ ከምላሱ ነገር የማያመልጠው ልጅ።

ይኸኔ ነው ጉዱ የመጣው። ታቦቱን ሸኝቶ ወደየቤቱ ሊበተን የነበረው ሕዝብ ሙግት መኖሩን ሲሰማ እንደ ንብ ዞሮ ተመለሰ። የሚጨፍረው ጭፈራውን አቆመ። ጠላ ቤት የነበረው ዋንጫውን እንደያዘ መጣ። ልጅ በአባቱ ትከሻ ላይ፣ ጎረምሳ ሾላው ላይ ወጣ። ሜዳው ራሱ ባዶውን ቀረ።

ግራዝማች ጋቢያቸውን አደግድገው ጀመሩ። «መሪጌታ፣ በዚህ ሜዳ አባቴ ጋልቧል፣ አያቴ ጋልቧል። ሣሩ የበቀለው በፈረሶቻችን ፋንድያ ነው። ዛሬ ይኸ የተነፋ ቆዳ መጥቶ ወራሽ ነኝ ይለኛል። የማን ልጅ ነው? አባቱን ይጥራና እንተዋወቅ!»

ሕዝቡ አጉረመረመ። አየነው በአክብሮት እጅ ነሣ። «ግራዝማች ጌታዬ፣ አባቶች ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ብለዋል። እርስዎንም ከዚህ ማዕረግ አድርሶዎታል፤ እግዜር ይስጠው። የደረሰ ሰው ደግሞ ይወርዳል እንጂ ኮርቻ ላይ አይከርምም።»

ሳቁ ዳማውን አስደነበረው። ግራዝማች ራሳቸው ጢማቸው ሥር ሲስቁ አይቻለሁ። «ደግ ተናገርክ፣ ልጄ። እኒያው አባቶች ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብለዋል። እናንተ ግን ብልሆች ናችሁ፤ እንዳይፈታባችሁ ጭራሹን ሳትታጠቁ መጣችሁ!» ብለው በከዘራቸው ወደ ቁምጣችን ጠቆሙ። እኔ ጉልበቴን በእጄ ሸፈንኩ።

አየነው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። «ሳቁብን፣ ይገባናል። ግን ጌታዬ፣ ከዚህ ከቆመው ሕዝብ ስንቱ ነው ፈረስ ያለው? ጉግስ ለባለፈረስ ነው፤ ሌላው ዕድሜ ልኩን ዳር ቆሞ አቧራ ሲቅም ይኖራል። ኳስ ግን እግር ላለው ሁሉ ነው።»

ይህቺ ልብ ያዘች። ዕድሜ ልካቸውን አቧራ የቃሙት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። እኔም ያሸነፍን መሰለኝ። ግራዝማች ትንሽ አሰቡና «እግርማ ዶሮም አላት» አሉ፤ አገሩ በሳቅ ፈረሰ።

እንዲህ እያለ ቀጠለ። መሪጌታ መፍረድ ሲገባቸው «እስቲ ጨምሩ፣ ገና አልበሰለም» ይላሉ፤ ጥሟቸዋል። ባለፈረሶቹ ወርደው ከሕዝቡ ጋር ተቀምጠዋል። ኳሳችንን ብፈልጋት አንድ ከሽንዲ የመጡ አዛውንት ተመቻችተው ተቀምጠውባታል። አያችሁ፣ ወዳጆቼ? ጉግስ የለ፣ ኳስ የለ፣ ሰው ግን እንደዚያ ቀን ረክቶ አያውቅም። እንግዲህ የእኔን አገር ስፖርት ከጠየቃችሁኝ እሱ ነው። ኳስም ቢሆን ቆይቶ የተወደደልን ስለ ሩጫው ሳይሆን ካለቀ በኋላ ስለሚመጣው ክርክር ይመስለኛል።

ግን ፀሐይዋ አትከራከርም። ሙግቱን ሳይሆን ጥላውን የሚያየው ልጃቸው ቀስ ብሎ መጣና «አባባ፣ ፀሐይ እኮ…» አላቸው። ግራዝማች ሰምተዋል። ወደ ምዕራብም ዞረው አይተዋል። ያኔ ክርክሩን ትተው ፈረሳቸው ላይ ቢወጡ ማንም አይከለክላቸውም ነበር፤ እኔ እንኳ በልቤ «ይሂዱ፣ እባክዎ ይሂዱ» እያልኩ ነበር። እሳቸው ግን ሕዝቡን አዩ፣ አየነውን አዩ፤ «ቆይ፣ ይህችን ብቻ ልመልስለት» አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። መለሱለት። እሱም መለሰላቸው።

በመጨረሻ መሪጌታ ተነሥተው «ዛሬ ሜዳው ለፈረስ፣ ሌላ ቀን ለኳስ» ብለው ሲፈርዱ ፀሐይዋ ከተራራው ወዲያ ሆናለች። ሕዝቡ ፍርዱን ሰምቶ አቧራውን አራገፈ። ከብት የሚያስገባ አለ፣ መንገድ የሚርቀው አለ። ባለፈረሶቹም ቢሆኑ ሳይመሽባቸው ከየቀያቸው ለመድረስ ተቻኮሉ። ሜዳውን ያሸነፉት ሰው ዳማቸውን ይዘው ቆመው ሜዳውን ፈለጉት።

«በየት በኩል ነው?» አሉ ልጃቸውን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እኛ ሰምተናል። የቡሬ ልጆች መኪናቸውን እየጠበቁ፣ እኛ ልንሸኛቸው፣ እዚያው ነበርን። አየነውን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። እያንዳንዷ መልሱ ከሰውየው ብርሃን ላይ እየቀነሰች እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባው። ሄዶ ዳማውን በልጓሙ ያዘና አፉን ወደ ሜዳው አዞረው፤ ግራዝማችንም እርካብ ደግፎ አወጣቸው። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ በእጁ ከፈለን፤ ቡሬ በቀኝ፣ ፍኖተ ሰላም በግራ፣ ከሾላው እስከ ሜዳው ጫፍ ተራርቀን ሁለት ረድፍ ሠራን። ከግራ ከቀኝ ስንጮኽ በድምፃችን መሐል እንዲያልፉ ነው። ብርሃኑ እንደ ሐምራዊ ጭስ መሬት ላይ ተኝቷል፤ የኳስ ሸሚዞቻችን ብቻ ይነጣሉ።

«ሕዝቡ አልሄደም እንዴ?» አሉ ግራዝማች ከላይ ሆነው።

አየነው ጮኾ መለሰ። «ምን ሲደረግ ይሄዳል፣ ጌታዬ! አገሩ ሁሉ ቆሞ እርስዎን ነው የሚጠብቅ!»

ግራዝማች ጆሯቸውን አቀኑ። ሜዳው ጭር ብሏል፤ በሩቅ አንድ ላም ትጮኻለች። ፈገግ አሉ።

«ዋሾ!» አሉት፣ ደስ ብሏቸው። «ጠዋት የተገናኘን ብንሆን ከዋሾነትህ ብቻ ተነሥቼ እረታህ ነበር። በል ተወው። አገሩን ሁሉ አክላችሁ ጩኹልኝ።»

ዳማው ተነሣ። ዘንጉን ወደ ላይ አንሥተው በመሐላችን ሲያልፉ የጋቢያቸው ነፋስ ፊቴን ነካኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም እንባዬ መጣ። መጥረጉን ትቼ፣ ድምፄ እስኪሰነጠቅ፣ ከቡሬዎቹ እኩል ጮኽኩ። ከሜዳው ጫፍ ሲደርሱ ድምፃችን አለቀባቸውና ፈረሱን ገቱት፤ ጨለማው ውስጥ ዞረው «ደግሞ!» አሉን።