አረንጓዴው መብራትና የሚስቴ ጾም

መብራቱ አረንጓዴ የሆነለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ከዚያ ወዲህ የቤቴን አምፖል ሳይቀር በጥርጣሬ ነው የማየው።

እዚህ ከተማችን ውስጥ ጻይልስሃይም የሚባለው ሰፈር የሚኖረው ወንድም ታምራት፣ የጸሎት ጓደኛዬ፣ «የኔ ሽትሮም» ይላል፣ ኤሌክትሪኩን ማለቱ ነው፣ «ከኖርዌይ ፏፏቴ የመጣ፣ አየር የማይበክል አረንጓዴ ነው።» በየትኛው ሽቦ መጣ? አልመጣም! እዚያ ያለ ትልቅ የውኃ ኃይል ማመንጫ ባመነጨው ልክ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ወረቀቱም ከኤሌክትሪኩ ተለይቶ ይሸጣል። ለታምራት ኤሌክትሪክ የሚሸጥለት ኩባንያ ወረቀቱን ገዛ፤ ኤሌክትሪኩ እዚያው ኖርዌይ በራ።

«ታዲያ የሸጡትስ ሰዎች?» አልኩት።

«ወረቀቱን ስለሸጡ፣ አረንጓዴ ነን ማለት አይችሉም።»

በጾም ጸሎታችን ቀን፣ በተከራየነው አዳራሽ በር ላይ ቋሊማ ስገምጥ ታምራት ደረሰብኝ።

«ወንድሜ፣ አልጾምክም እንዴ?»

«እንዴት አልጾምም! ሚስቴ ከጠዋት ጀምራ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም። የጾሟን ምስክር ወረቀት ለእኔ አስተላልፋለች።»

«እሷስ?»

«እሷማ ጾሜያለሁ ማለት አትችልም። በአሠራሩ መሠረት ይህን ቋሊማ የበላችው እሷ ናት።»

ለካ ሚስቴ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

«እኔ ከሆንኩ የበላሁት» አለች፣ «ታዲያ ለምንድነው የራበኝ?»