ስለ ፈገግታው ሥልጠና የተሰበሰበ አስተያየት

አገር የሚቀናው በሦስት ነገር ነው፤ በማስተዋል፣ በትዕግሥትና በሴሚናር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ረጅም ዕድሜ ይጠይቃሉ። ሦስተኛው ግን ጥቁር ሰሌዳና ጥቂት ወንበር ካገኘ ስለሚበቃው፣ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አጥብቆ የያዘው እሱኑ ነበር።

ከዚህ በረከት ለኮልፌዋ ትንሽ ክሊኒክም ደረሳት። በዚያ ዓመት ክሊኒኳ ፋሻ አልቆባት፣ አልኮል ጠፍቶባት፣ የመርፌ መቀቀያዋ ተሸንቁሮባት ነበር። ኃላፊው አቶ ሀብተማርያም ይህንኑ ለበላይ ደጋግመው አመለከቱ። የበላይ አካልም ጉዳዩን በጥልቀት ሲመረምር ከርሞ፣ የክሊኒኳ እውነተኛ ችግር የፈገግታ እጥረት መሆኑን ደረሰበት። ወዲያው አቶ ጌታቸው የተባሉ፣ ባሕር ማዶ ተምረው የመጡ የሥልጠና ሹም በላንድሮቨር ከች አሉ።

«በሽተኛን ግማሽ መንገድ የሚያድነው መድኃኒት አይደለም» አሉ ሠራተኞቹን ሰብስበው። «ታዲያ ምንድን ነው?»

ቁስል አጣቢው ድሬሰር ጀይሉ እጁን አወጣ። «ፋሻ?»

«ፈገግታ!» አሉ አቶ ጌታቸው፣ ለጀይሉ ድንቁርና ይቅርታ አድርገውለት።

ጀይሉ እጁ የተባረከ፣ ፊቱ ግን ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ የተቋጠረ ሰው ነበር። ክፋት የለበትም። ብቻ በሽተኛ ሲያይ ግንባሩን ከስክሶ፣ «ለዚህች ነው እንዴ እንዲህ የምታለቃቅሺው? ነገ ትድኛለሽ፤ ቀጥዪ!» ይላል። በሽተኛዋም እውነትም ትድናለች። የኮልፌ ሰው የጀይሉን ቁጣ ከኪኒን እኩል አክብሮ ይውጠው ነበር።

ሥልጠናው ይህን ኋላ ቀር ልማድ ከሥሩ ነቀለው። አቶ ጌታቸው ሠራተኛውን መስተዋት ፊት አሰልፈው፣ «ከንፈር ወደ ጎን! ጥርስ ወደ ውጭ! ዓይን ጠበብ!» እያሉ እንደ ክቡር ዘበኛ አሠለጠኑት። የሌላው ሠራተኛ ፊት ቶሎ ታዘዘ። የጀይሉ ግን ስላመፀ ቤት ወስዶ እንዲለማመድ ታዘዘ። ጀይሉም ትእዛዝ አክባሪ ነውና ማታ ማታ መስተዋት ፊት ተቀምጦ ጥርሱን ያወጣ ጀመር።

ባለቤቱ ሰብሪያ ቆማ አየችው።

«ጀይሉ፣ አላህ ያሳይህ፣ እውነቱን ንገረኝ። ሌላ አግብተሃል?»

«ኧረ ሥልጠና ነው!»

«ሥልጠና? ስሟ ነው?»

ለማስረዳት ሲሞክር፣ እንደታዘዘው ፈገግ አለ። ሰብሪያ ያን ሌሊት ከልጆቿ ጋር አደረች።

የሥልጠናው ፍሬ ክሊኒክ ውስጥ መታየት የጀመረው በዘይነባ ነው። ዘይነባ ኮልፌ ገበያ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ፣ እግሯ ላይ የማይሽር ቁስል ይዛ በየሳምንቱ የምትመላለስ የጀይሉ ደንበኛ ነበረች። ገብታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋች። የለመደችውን ቁጣ ጠበቀች። ጀይሉ ግን ቁስሉን አየ፤ ቀና አለ፤ ከዚያም ጥርሱን በሙሉ አወጣላት።

ዘይነባ የዘረጋችውን እግር ሰበሰበች። «ምነው ጀይሉ? ከፋ እንዴ?»

«ምንም አይደል እትዬ ዘይነባ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። ድምፅ ማለስለስም የሥልጠናው አንድ ክፍል ነበር።

«ምን ያህል ዕድሜ ቀረኝ?»

«አይዞሽ፣ አይዞሽ» አለ ጀይሉ፣ ፈገግታውን ይበልጥ እየዘረጋ።

ዘይነባ ነጠላዋን አፈፍ አድርጋ፣ እግሯን ሳታሳስር ወጣች። ቤቷ ገብታ ልጆቿን ሰበሰበች፤ ድስቱን ለትልቋ፣ ሚዛኑን ለወንዱ፣ በርበሬውን ለሦስቱ እኩል ብላ ተናዘዘች። ጎረቤት ተሰብስቦ «ምን አሉሽ?» ሲላት አንድ ቃል ብቻ ተናገረች።

«ጀይሉ ሳቀልኝ።»

ጎረቤት ሁሉ እዬዬ አለ።

ወሬው ኮልፌን ለማዳረስ ከላንድሮቨር ፈጠነ። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ የጀይሉ ጥርስ ግን ባዳ ብቻ ሳይሆን መልአከ ሞት ሆኖ አረፈው። ልጇን ያዘለች እናት በሩ ላይ ፊቱን ስታይ ትመለሳለች። ሳል አላስተኛ ያለው አንድ ሸማኔ በመስኮት አጮልቆ ቢያየው፣ ሳሉ እዚያው ቆመለት ተባለ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የክሊኒኳ አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ድመት ብቻ ሆነ።

ታዲያ በዚህ መልካም ወቅት አቶ ጌታቸው ስለ ሥልጠናው አስተያየት ሊሰበስቡ መጡ። አስተያየት በነፃነት እንዲሰጥ አጥብቀው ስለሚሹ፣ ሠራተኛውን በሙሉ በአለቃው በአቶ ሀብተማርያም ፊት አቁመው ጠየቁ።

«ሥልጠናው እንዴት ነበር? ያለ ፍርሃት ተናገሩ።»

አቶ ሀብተማርያም ሠራተኛውን በየተራ ገላመጡት። ሠራተኛውም ያለ ፍርሃት፣ «እጅግ በጣም ጥሩ!» አለ።

ጀይሉ ብቻ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ሥልጠናው ጥሩ ነው። ግን ሰው መምጣቱን ተወ። ፋሻም እስካሁን...»

«ፋሻ ከዛሬው ርእስ ውጭ ነው» አሉ አቶ ጌታቸው። «ሰው ተወ ያልከው ግን ትልቅ ነገር ነው። ለምን ተወ?»

ጀይሉ አፉን ሳይከፍት አቶ ሀብተማርያም ቀደሙት። «ድኖ ነው!» አሉ። «በፈገግታው ሕዝቡ ድኖ አለቀ፣ ጌታዬ! እነሆ አግዳሚው ባዶ! በኮልፌ በሽተኛ አልቀረም!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አቶ ጌታቸው ደስታቸው ወሰን አጣ፤ የአቶ ሀብተማርያምን እጅ ጨብጠው እስኪደክማቸው ወዘወዙት።

«እንግዲያው» አሉ፣ «በሽተኛ የሌለበት ክሊኒክ የመንግሥት ሀብት ማባከን ነው። ሕዝቡ ገና ወዳልዳነበት ሰፈር፣ ወደ ሳንሱሲ ይዛወራል። ሰኞ ካሚዮን ይዤ እመጣለሁ።»

አቶ ሀብተማርያም ቤታቸው ከክሊኒኳ አጥር ጀርባ ነበር፤ ሳንሱሲ ደግሞ በእግር የሚደረስበት አይደለም። ላንድሮቨሩ አቧራውን አስነስቶ ሲሄድ ጀይሉን በክንዱ ያዙት።

«ጀይሉ፣ ወንድሜ፣ ለሰኞ በሽተኛ አምጣልኝ።»

«ድኖ አልቋል አላሉም?»

«አሁን ቀልድ ነው የተረፈህ? ካላመጣህ ሳንሱሲ ድረስ በእግርህ ነው የምትመላለሰው!»

ጀይሉ ግን ያሳሰበው የራሱ እግር አልነበረም። ክሊኒኳ ከሄደች ያን የዘይነባን እግር የሚያይላት ማን ነው? ከአጥሩ ወጥቶ በቀጥታ ቤቷ ሄደ። ዘይነባ ከበሩ ስታየው ጋቢዋን እስከ ዓይኗ ሳበች።

«አትሳቅብኝ!» አለች። «ተናዝዣለሁ፤ ምን ቀረኝ?»

ጀይሉ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ እግሯን አየ። ቁስሉ አመርቅዟል። ሥልጠናውንም መስተዋቱንም ረሳ፤ ግንባሩ እንደ ድሮው ተከሰከሰ።

«እትዬ ዘይነባ! ምን ጉድ ነው ይሄ? ሳታሳስሪ መውጣት ማን አስተማረሽ? ቁንጣጭ ቁስል ይዘሽ ሬሳ መስለሽ ትተኛለሽ? ተነሺ! ውኃ ይፍላ! ንጹሕ ጨርቅ የለም እዚህ ቤት?»

ዘይነባ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች። «ተቆጣኝ! ልድን ነው!» ወዲያው ሚዛኑን ከልጇ አስመለሰች።

ቁስሏን አጥቦ በተቀቀለ ጨርቅ ሲያስር የክሊኒኳን ነገር ነገራት። ዘይነባ ውለታ የማትረሳ ሴት ናት። ከገበያ እስከ አጠና ተራ ቤት ለቤት አነከሰች። የታመመ እንዲመጣ፣ ያልታመመም ለሰኞ ብቻ እንዲታመም ለመነች። አጠና ሻጩ ኦቦ ጉታ እንኳ፣ በሽታ የሚባል በደጃቸው አልፎ የማያውቀው ጎምቱ ሽማግሌ፣ «ወገቤን እላለሁ» ብለው ቃል ገቡ።

ሰኞ አቶ ጌታቸው ካሚዮናቸውን አስከትለው ሲደርሱ የክሊኒኳ ግቢ እንደ ንግሥ በዓል ሞልቷል። ግማሹ በእውነት ያቃስታል፤ የጀይሉን ቁጣ ሲናፍቅ የከረመ ነው። ግማሹም ለጎረቤት ሲል ያቃስታል። ጀይሉ ፊቱን ቋጥሮ በመካከላቸው እየተዘዋወረ፣ «አንተ ዞር በል! አንቺ ቀጥዪ!» ይላል።

አቶ ጌታቸው ዓይናቸውን አሻሹ። «አቶ ሀብተማርያም፣ ሕዝቡ ድኗል አላሉም? ይህ ሁሉ በሽተኛ ከየት መጣ?»

አቶ ሀብተማርያም ላባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «የሥልጠናው ዝና ነው የጠራው፣ ጌታዬ።»

«በሽተኛ ሲጠፋ የሥልጠናው ውጤት ነው ብለዋል።»

«አዎን ጌታዬ።»

«ሲበዛስ?»

«የዚያው ውጤት ነው፤ ይኸኛው እንዲያውም ይበልጣል።»

አቶ ጌታቸው ጥቂት አሰቡ። ባሕር ማዶ የተማሩት ትምህርት ይህንኑ የሚያረጋግጥ ሆኖ አገኙት። ይሁን እንጂ ጠንቃቃ ሰው ናቸውና ከሕዝቡ ከራሱ አስተያየት ሳይሰበስቡ እንደማይሄዱ ገለጹ። ከደረጃው ላይ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«የተከበራችሁ የኮልፌ ነዋሪዎች! የፈገግታውን ሥልጠና የወደደ እጁን ያንሣ! ከወደዳችሁት ክሊኒኩ እዚሁ ይቆያል!»

ሕዝቡ የትኛው ሥልጠና እንደሆነ አላወቀም፤ የመጨረሻዋን ቃል ግን በደንብ ሰማ። ዘይነባ ቀድማ አነሣች። ግቢው እጅ በእጅ ሆነ። ሁለት እጅ ያነሣም ነበር።

«ግሩም!» አሉ አቶ ጌታቸው። «ካሚዮኑ ይመለስ። እጅ አውርዱ።»

ሕዝቡ አወረደ። ኦቦ ጉታ ብቻ ቀኝ እጃቸውን ወደ ሰማይ እንደቀሰሩ ቀሩ። አቶ ጌታቸው ልባቸው ተነካ። ይህን የመሰለ ጽኑ ደጋፊ በየትም ጠቅላይ ግዛት አላጋጠማቸውም። ቀረብ ብለው ዝቅ አሉላቸው።

«አባት፣ ይህን ያህል ወደዱት?»

ኦቦ ጉታ ላብ በላብ ሆነዋል። «ኧረ የኔ ጌታ» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ «ብድግ ሳደርገው ቀጭ አለ። ትከሻዬ ወለቀ መሰለኝ፤ አልወርድ አለኝ!»

አቶ ጌታቸው ግን ይህን አልሰሙም። «ወደዱት?» የሚለውን ጠይቀው ሲያበቁ፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት የሚሆን ካሜራ ሊያመጡ ወደ ላንድሮቨራቸው ሮጠው ነበር። ሥልጠናው ያፈራው የመጀመሪያው እውነተኛ በሽተኛም እጁን አንሥቶ እንደቆመ ቀረ።

ጀይሉ ሕዝቡን እየገፈተረ ደረሰ። ግንባሩን ከሰከሰ፤ ክንዳቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ኦቦ፣ ለዚህች ነው የሚያቃስቱት? አሁን እመልሰዋለሁ! ቀጥ ይበሉ!»

ሊጎትት ሲል ከደረጃው ላይ የአቶ ሀብተማርያም ጩኸት መጣ።

«ጀይሉ! ፎቶው ሳይነሣ እንዳታወርደው!»