ሦስት ሰው የያዘው ይለፍ ቃል

ሰቆጣ ብዙ ሽግግር አይታለች። የአቶ ትእዛዙን ቤት ሽግግር ያህል በሰፊ ውይይት፣ በተሟላ ዝግጅትና በላቀ የኃላፊነት ስሜት የተመራ ግን አላየችም፤ ወደፊትም የምታይ አይመስለኝም። የተሸጋገረው አንድ ኮምፒውተር ነው።

አቶ ትእዛዙ ከአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊነት በጡረታ የተሰናበቱ ሰው ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ከእሳቸው ተገላገለ እንጂ እሳቸው ከመሥሪያ ቤቱ አልተገላገሉም። ቤት ውስጥ ሽሮ እንኳ ሲያልቅ «የአቅርቦት ክፍተት ተስተውሏል» ይላሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ለዚህ ዓይነቱ መግለጫ መልስ መስጠት ከተዉ ቆይተዋል፤ ዝም ብለው ሽሮ ይገዛሉ።

ኮምፒውተሩ ያረጀ ነው። የሚሠራበትም ሥርዓት ከገበያ በኮፒ የተጫነ ስለነበር በየጊዜው «ይህ ቅጂ ሕጋዊ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ያወጣ ነበር። ሌላው ሰው ይህን ጽሑፍ እንደ ዝንብ እሽ ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። አቶ ትእዛዙ ግን ስማቸው በአደባባይ የተጠራ ያህል ደነገጡ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ ሥራ ስትፈልግ የቆየችው ልጃቸው ፀጋ አባቷን ልታረጋጋ ሞከረች።

«አባዬ፣ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሥርዓት አለ። በነፃ የሚሰጥ ነው፤ ውስጡም ለፈለገ ሰው ሁሉ ክፍት ነው። በፍላሽ አምጥቼ እጭነዋለሁ፤ ዛሬውኑ ያልቃል።»

«ያልቃል?» አሉ አቶ ትእዛዙ ከልብ አዝነው። «ሳንወያይበት?»

እናም ተወያዩበት። ባለድርሻ አካላት ተለይተው ተጠሩ፤ አንደኛው የንስሐ አባታቸው ቄስ ገብረ ጻድቅ፣ ሁለተኛው አጥሩን ተሻግረው የሚኖሩት ባለሱቁ ሐጂ ዓብዱረሕማን። ሁለቱም ኮምፒውተሩን የሚያውቁት ዳንቴል ለብሶ ሳሎን ጥግ ሲቀመጥ ነው። ግን ትልቅ ሰው ተጠርቶ እንዴት ይቀራል? መጡ። አቶ ትእዛዙም ቆመው የመክፈቻ ንግግር አደረጉ። ሽግግሩ የአንድ ጀንበር ሥራ እንዳልሆነ፣ በምዕራፍ ተከፋፍሎ፣ በቅንጅት፣ ማንንም ወደኋላ ሳይተው እንደሚመራ በሰፊው አብራሩ። ንግግሩ ሲያበቃ ፀጋ ሊኑክሱን ጭና ጨርሳ ነበር።

የቀረው ይለፍ ቃሉ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ እንዲሁ ይከፈታል፤ አዲስ ነገር ልጫንበት ያለ ሰው ግን ቃሉን መጻፍ አለበት። ፀጋ «እኔ ልስጠው?» ብላ ጣቷን ስትዘረጋ አባቷ እጃቸውን አነሡ።

«ለአንድ ሰው? በየትኛው አሠራር ነው ይህን ያህል ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ የሚሆነው?»

እዚህ ላይ የአቶ ትእዛዙን ልምድ ማንሣት ግድ ይላል። የአጥቢያቸው ሙዳየ ምጽዋት ሦስት ቁልፍ ነው ያለው። ሦስቱ በሦስት ሰው እጅ ናቸው፤ ሦስቱም ሰዎች ካልተገኙ ሣጥኑ አይከፈትም። አቶ ትእዛዙ የምእመናን ተወካይ ሆነው አንደኛውን ቁልፍ ለብዙ ዘመን በክብር ይዘዋል። በዚህ የጠራ አሠራር መሠረት ይለፍ ቃሉም ሦስት ቦታ ይከፈል ተባለ። መጀመሪያ አቶ ትእዛዙ፣ ቀጥሎ ቄስ ገብረ ጻድቅ፣ በመጨረሻ ሐጂ ዓብዱረሕማን፣ አንዱ ሲጽፍ ሁለቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እያዞሩ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቃል አስገቡ። ከዚያ ተመራረቁና ወደየቤታቸው ሄዱ። ኢንተርኔት የሚያስገባው የዋይፋይ ፕሮግራም ገና እንዳልተጫነ ፀጋ ብትናገርም «አጀንዳ ይያዝለት» ተብሎ ታለፈ።

አጀንዳው ሳይነሣ ሥራ መጣ። ባሕር ዳር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ፀጋን በኢንተርኔት ቃለ መጠይቅ ሊያደርግላት ማክሰኞ አምስት ሰዓት ላይ ቀጠራት። ተመርቃ ከወጣች ወዲህ የጠራት የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ይህ ነው። ልጅቱ በደስታ ምግብ አልበላ አላት። ቀጥሎ ዋይፋዩ ትዝ ሲላት ደግሞ በፍርሃት አልበላ አላት።

«የፊርደውስን ስልክ ልዋስ፤ ካሜራው ጥሩ ነው» አለች። ፊርደውስ የሐጂ ልጅ፣ የልጅነት ጓደኛዋ ናት።

«ዘመናዊ ኮምፒውተር ያለው ቤት በውሰት ስልክ አይቀርብም» አሉ አባቷ።

«እሺ፣ ይለፍ ቃሉን ሰብሬ መግባት እችላለሁ። ተምሬዋለሁ።»

«ሙዳየ ምጽዋት የሰበረ ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?»

ቄስ ገብረ ጻድቅ ለንግሥ ወደ ጎረቤት ወረዳ ጋዝጊብላ ሄደው ነበር። ተደወለላቸው።

«አባታችን፣ የእርስዎን ቃል ብቻ በስልክ ይንገሩኝ፤ በእግዚአብሔር!» አለች ፀጋ።

«ልጄ፣ ቁልፍ በስልክ ይላካል?» አሉ ቄስ። «አደራ ተቀብያለሁ። እኔው ራሴ እመጣለሁ።»

መጡም። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ነጠላቸው አቧራ ለብሶ፣ ጉልበታቸውን እያሹ ከሚኒባስ ወረዱ። ሐጂም ሱቃቸውን ዘግተው በአጥሩ በር ገቡ። አምስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ፀጋ ያማረ ሸሚዟን ለብሳ ኮምፒውተሩን ከፍታ፣ የዋይፋዩን ፕሮግራም መጫን አስጀምራ፣ ይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ገጽ አውጥታ ወንበሩን ለቀቀች። ሦስቱ አባቶች ወንበሩን ከበው ቆሙ።

«አባታችን ይቅደሙ፤ ከመንገድ ነው የመጡት» አሉ አቶ ትእዛዙ።

«ሐጂ እያሉ እኔ? ምን በወጣኝ!» አሉ ቄስ። «ሐጂ በዕድሜም ይበልጡኛል። ይቅደሙ እንጂ።»

«ኧረ በአላህ! እኔ ጎረቤት ነኝ፤ እንግዳው እርስዎ ነዎት።»

«በፍጹም አይሆንም!»

«ይኼማ ነውር ነው!»

በዚህ ረገድ የታየው መከባበር ለማንኛውም አገር አርአያ የሚሆን ነው። ክንድ ለክንድ ተያይዘው አንዱ ሌላውን ወደ ወንበሩ ሲገፋ፣ የተገፋው ወደኋላ ሲል፣ በመጨረሻ በዕድሜ ታላቅ የሆኑት ሐጂ ተሸንፈው ተቀመጡ። ቀጥሎ ቄስ ጻፉ፤ በመጨረሻ ባለቤቱ አቶ ትእዛዙ። ኮምፒውተሩ «ትክክል አይደለም» አለ።

ሦስቱ ተያዩ።

«ቃሉን የቀየረ ሰው አለ?» አሉ አቶ ትእዛዙ ቀስ ብለው።

«እኔን ነው?» ሐጂ ከወንበሩ ራቅ አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ?»

«ልማል እንዴ?» አሉ ቄስ ተቆጥተው።

«አባዬ፣ ማንም አልቀየረም!» ፀጋ ልታለቅስ ደርሳለች። «ቅደም ተከተሉ ነው። ያን ቀን መጀመሪያ የጻፍከው አንተ ነህ። ዛሬም አንተ መቅደም አለብህ።»

«ያን ቀን ስብሰባውን የመራሁት እኔ ነበርኩ። ዛሬ ግን ሁለቱም እንግዳ ናቸው። አባቶች ቆመው እኔ ልቀመጥ? ሰው ምን ይለኛል?»

«አንተ ቅደም የሚለው እኮ ኮምፒውተሩ ነው!»

«ልጄ፣ ኮምፒውተር ይሉኝታ አያውቅም። እኛ ግን እናውቃለን።»

ይህ ዓይነቱ የመርሕ ሰው ዛሬ ዛሬ ጠፍቷል፤ ፈጣሪ ይመስገን። ፀጋ ሰዓቱን አየች፤ አባቷንም አየች። በጓሮ በር ወጣች። ልብ ያላት ጠፋ፤ በድጋሚ በዕድሜ ቅደም ተከተል ሙከራ እየተደረገ ነበር።

ሦስተኛው ሙከራ ሲከሽፍ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ከማድ ቤት ወጡ። በእንግዳ ፊት ባላቸውን አንቱ ማለት ልማዳቸው ነበር። ያን ቀን ተዉት።

«አንተ ሰውዬ! ተቀመጥና ጻፍ! ነውሩን እኔ እሸከመዋለሁ።»

አቶ ትእዛዙ ሁለቱንም አባቶች በየተራ ይቅርታ ጠይቀው፣ የወንበሩ ጫፍ ላይ ብቻ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ። ቄስ ተከተሉ። ሐጂ ጨረሱ። ኮምፒውተሩ ቃሉን ተቀበለ! ዋይፋዩም በራሱ ተጭኖ መሥራት ጀመረ። ተጨበጨበ፤ ሐጂ ቄሱን አቀፉ። «ፀጋ! ነይ ልጄ፣ ተሳክቷል!» እያሉ አቶ ትእዛዙ ወደ ግቢ ወጡ።

ፀጋ ከሐጂ ግቢ ከፊርደውስ ጋር እየመጣች ነበር።

«ጨረስኩ» አለች።

«ምኑን?»

«ቃለ መጠይቁን። በፊርደውስ ስልክ።» ስልኩን ለፊርደውስ መለሰችላት። «አበላሽቼዋለሁ መሰለኝ። በመረጃ ደኅንነት ላይ ያየሁትን ችግር ከራሴ ገጠመኝ እንዳስረዳ ጠየቁኝ። ተናድጄ ስለነበር የናንተን ጉድ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። ሁሉም አጎንብሰው ይጽፉ ነበር።»

አቶ ትእዛዙ ምን እንደሚሉ ጠፋቸው፤ ይህ በሕይወታቸው ያልገጠማቸው ነገር ነው። ልጃቸውን አቀፏት። ያን ጊዜ እውነት አሳዘኑኝ።

ግን አለፈች። ጥሪው በመጣ ዕለት ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ አቶ ትእዛዙም ውጤቱ የኮሚቴው ቅንጅታዊ አሠራር ፍሬ መሆኑን ለመላው ጎረቤት ገለጹ። ፀጋ ሻንጣዋን ይዛ ባሕር ዳር ገባች። ሥራ በጀመረችበት ቀን እኩለ ቀን ላይ ደወለች። አባቷ እናትየውም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«እንዴት ነው ሥራው፣ ልጄ?»

«ገና አልጀመርኩም። የምሠራበት ኮምፒውተር አልተከፈተም።»

«ለምን?»

«ይለፍ ቃሉን ለሦስት ኃላፊዎች አካፍለውታል። ‹ከአመልካች የተገኘ ምርጥ ተሞክሮ› ብለው በሥራ ላይ ያዋሉት ቃለ መጠይቄ ባለቀ በሳምንቱ ነው አሉ። አንደኛው ኃላፊ መስክ ወጥቷል። ሁለቱ ከጠዋት ጀምሮ እፊቴ ቆመው ‹እርስዎ ይቅደሙ› ይባባላሉ።»

አቶ ትእዛዙ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ሰማሽ ወለተ ገብርኤል? ተሞክሯችን ክልል ገባ!»

ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ስልኩን ከእጃቸው ነጠቁ።

«ፀጋዬ፣ ምሳሽን በልተሽ ተመለሽ፤ አትቸኩይ» አሉ። «በሶም እልክልሻለሁ።»